የግዕዝ ቁጥር ያላት ሰዓት በቤት መሥራት፦ ፲፪ ከላይ ወይስ ፮?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። አባቴ በዚህ ዓመት ጡረታ ይወጣል። በርካሽ የገዛኋት ባለ ቆጣሪ የባትሪ ሰዓት አለችኝ። ቁጥሮቿን በግዕዝ ቀይሬ ልሰጠው አስቤያለሁ። ስለ ሰዓት ጥገና ምንም አላውቅም። አንድ ሰዓት ሠሪ ‹ይሄ የፋብሪካ ሥራ ነው፣ ቤት ውስጥ አይሞከርም› አለኝ። እውነት ነው? ምን ምን ዕቃ ያስፈልገኛል? ደግሞስ ከላይ መሆን ያለበት ፲፪ ነው ወይስ ፮? የምኖረው አዲስ አበባ ነው።»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ይሞከራል። ሰዓት ሠሪው ከክፋት ተናገረ አልልም። እሱ ጋ የሚመጣው የቆመ ሰዓት ነው፤ የሚጠየቀውም እንዲያስነሳው እንጂ ገጽ እንዲቀይርለት አይደለም። አንቺ ያሰብሽው ሥራ ግን ሰዓቷን የሚያስኬደውን ክፍል አይነካም። በባትሪ ሰዓት ውስጥ ጊዜ የሚቆጥረው በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ትንሽ የኳርትዝ ክሪስታል ነው። አጠገቡ ያለችው ሰሌዳ ይህን ቆጥራ በሰከንድ አንድ ጊዜ ለሞተሩ ምት ትሰጣለች። ሞተሩ ጥርሶቹን ያዞራል። ይህ ሁሉ ከገጹ ሥር ነው። ያንቺ ሥራ ከላይ ነው፤ ገጹና ሦስቱ ቆጣሪዎች (የሰዓቱ፣ የደቂቃውና የሰከንዱ)። ትዕግሥትና ንጹሕ ጠረጴዛ ያለው ሰው ይወጣዋል።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚወሰነው በእሱ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳይወስን ወደ ወረንጦና ካቻቢቴ ይሮጣል።

አባትሽ ሰዓት የሚያነቡት እንዴት ነው? አገራችን ውስጥ ሁለት ልማድ አለ። አንዳንዱ ሰው ሰዓቱን የሚያስተካክለው በእኛ አቆጣጠር ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን አጭሩ ቆጣሪ 1 ላይ ነው። ሌላው ደግሞ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ያስኬደዋል። ቆጣሪው 7 ላይ እያለ «አንድ ሰዓት ሆነ» ይላል። ሳይታወቀው ስድስት ይቀንሳል፤ ወይም ዓይኑ ከቆጣሪው ትይዩ ያለውን ቁጥር ያነባል። ይህ የሚያስኬደው በ12 ሰዓት ገጽ ላይ ስድስት ሰዓት ማለት ልክ ግማሽ ዙር ስለሆነ ነው።

አባትሽ እንደ መጀመሪያው ከሆኑ ነገሩ ቀላል ነው። ፲፪ ከላይ፣ ፮ ከታች። የሚለወጠው የቁጥሩ መልክ ብቻ ነው።

እንደ ሁለተኛው ከሆኑ ግን በጣም የምወደውን ሥራ ልትሠሪ ነው። የግዕዝ ቁጥሮቹን በግማሽ ዙር አዙሪያቸው። ፮ ከላይ ይሆናል፣ ፲፪ ከታች። በገጹ ጠርዝ ላይ ደግሞ ከ1 እስከ 12 ያሉትን የተለመዱ ቁጥሮች በትንሹ፣ 12ን ከላይ አድርገሽ አስቀምጪ። አሁን አንዱ ቆጣሪ ሁለቱንም አቆጣጠር ይናገራል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጭሩ ቆጣሪ ወደ ቀኝ ይዘረጋል፤ ከጠርዙ 3፣ ከውስጥ ፱ ይነበባል። የሐኪም ቀጠሮው በየትኛውም አቆጣጠር ቢጻፍ ማስላት ቀረ። እንዲህ ያለ ገጽ ከሱቅ መደርደሪያ ላይ በቀላሉ አታገኚም። ለእኔ በቤት የተሠራ ገጽ ትልቁ ዋጋው ይሄ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሺ። የደቂቃ መነሻ አይዞርም፤ ሁልጊዜ ከላይ ነው። ስለዚህ ከ፮ በላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ወይም ወፈር ያለ መስመር አድርጊ። ያለዚያ ዓይን ከታች ያለውን ፲፪ እንደ መነሻ ወስዶ ይሳሳታል።

ይህን የሚያነቡ ውጭ ያሉ ወገኖች «ለእኛስ?» ማለታቸው አይቀርም። ሪያድ፣ ኩዌትና ዶሃ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ሰዓት ስለሆኑ ከላይ ያልኩት እንዳለ ይሠራል። ዱባይና አቡዳቢ በአንድ ሰዓት ይቀድማሉ፤ የአገር ቤትን ሰዓት ለማንበብ ከላይ የሚቀመጠው ፭ ነው። ቴል አቪቭ ሰዓት ወደፊት በሚገፋበት ወቅት ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ ሲመለስ ከላይ መሆን ያለበት ፯ ይሆናል። ዋሽንግተን ደግሞ ሰዓት ሲገፋ ፩፣ ሲመለስ ፪ ነው። ልዩነቱ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚቀያየርበት አገር በገጹ ላይ የታተመ ቁጥር አያዋጣም። ለእነሱ የሚሻለው ዙሪያዋን የሚዞር ቀለበት ያላት፣ ለዋናተኛ የምትሠራ ዓይነት ሰዓት ናት። የግዕዙ ቁጥር ቀለበቱ ላይ ይሠፍራል። ብዙዎቹ ቀለበቶች አንድ ዙር ለመሙላት 120 ጊዜ «ቀጭ» ይላሉ። ስለዚህ አንድ ሰዓት ማለት 10 ቀጭ ነው።

አሁን ወደ ሰዓትሽ። ለመጀመሪያ ሥራ የምትመቸው ክብ፣ ገጿ ጠፍጣፋ፣ ሦስት ቆጣሪ ብቻ ያላት ናት። በገጿ ላይ ትንንሽ ተጨማሪ ክቦች ያሏት፣ እንደ ስቶፕዋች ጊዜ የምትለካ ዓይነት ከሆነች ለሌላ ጊዜ ተያት። ብዙ ርካሽ ሰዓቶች ውስጥ የሚገኘው ሚዮታ 2035 የሚባለው የጃፓን ማሽን ለጀማሪ በጣም ጥሩ ነው። በወር 20 ሰከንድ ያህል ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ነው፤ ባትሪው ሦስት ዓመት ገደማ ይቆያል። መለዋወጫውም በየቦታው አለ። የማሽኑ ስምና ቁጥር ክዳኑ ሲከፈት ከጀርባው ተጽፎ ይገኛል።

ቀን የምታሳይ መስኮት ካላትስ? እኔ ሸፍኛት እላለሁ። የቀን መቁጠሪያዋ ቀለበት እስከ 31 ትሄዳለች። የእኛ ወር 30 ነው፤ ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ አንድ ቀን በእጅ ማስዘለል አለ። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ላይ ሲያልቅ ደግሞ እስከ 31 ድረስ ያሉትን ሁሉ አስዞሮ መስከረም 1 ላይ ማድረስ ነው። ለጡረታ ስጦታ የሚሆን ነገር አይደለም። አዲሱ ገጽ መስኮቱን ሲሸፍነው ቀለበቷ ከሥር እየዞረች ትኖራለች፤ ምንም አትጎዳም። ሰዓቷን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለሚያስኬድ ሰው ግን አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ቀኗ የምትቀየረው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ ስለሆነ ንጋት ላይ እንድትቀየር አድርጎ ማስተካከል ይቻላል። ይህን የሚወድ ሰው መስኮቷን ይተዋት።

ስለ ልምምድ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እጅሽን ለማፍታታት ቤት ውስጥ የተቀመጠ የአያት የእጅ ሰዓት አትክፈቺ። መተኪያ የለውም፤ ይሄ አንዱ ነው። ሁለተኛው የጤና ጉዳይ ነው። ከ1960ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት በፊት የተሠሩ በጨለማ የሚያበሩ ሰዓቶች ብዙዎቹ ቁጥራቸው በራዲየም የተቀባ ነው። ዛሬ ባያበሩም ራዲየሙ አለ፤ ግማሹ ለማለቅ እንኳ 1,600 ዓመት ይፈጅበታል። የደከመው የሚያበራው ቀለም ነው እንጂ ጨረሩ አይደለም። እንዲህ ያለውን ገጽ ፍቆ ብናኙን መተንፈስ አደገኛ ነው። ለልምምድ ሥራ ያቆመች ርካሽ የባትሪ ሰዓት ፈልጊ። ሰዓት ሠሪዎች ሣጥን ውስጥ ሞልቷል።

ወደ ገጹ ሥዕል እንምጣ። ጊዜሽን እዚህ ላይ ጨርሺው። መፍታትና መግጠም የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ አባትሽ በየቀኑ የሚያዩት ግን ሥዕሉን ነው።

ኢንክስኬፕ የሚባለው ነጻ የሥዕል ፕሮግራም ይበቃል። የገጹን ስፋት በካሊፐር (በስፋት መለኪያ መሣሪያ) ለኪና በዚያው ልክ ክብ ሳዪ። አሥራ ሁለቱ ቁጥሮች በ30 ዲግሪ ልዩነት ይቀመጣሉ። ማዕከሉ ላይ ቀጭን የመስቀል ምልክት አድርጊ፤ ቀዳዳውን ስትበሺ የሚመራሽ እሱ ነው። ቁጥሮቹን ወደ ማዕከሉ እንዲያዘነብሉ ሳይሆን ሁሉንም ቀጥ አድርገሽ አቁሚያቸው። ካዘነበሉ ከታች ያሉት ተገልብጠው ይታያሉ፤ የግዕዝ ቁጥር ተገልብጦ ለማንበብ ከባድ ነው።

ፊደሉን ስትመርጪ ተጠንቀቂ። ኖቶ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ በነጻ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ንጹሕ ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ሲያንሱ ነው። የግዕዝ ቁጥር ከላይና ከታች ሰረዝ አለው። በኮምፒውተር መስኮት ላይ ሲታይ ያምራል። ሦስት ሚሊ ሜትር ሆኖ ሲታተም ግን ሰረዙ ከቁጥሩ አካል ጋር ይጣበቃል። ያኔ ፮ና ፯ መለየት ያስቸግራል። መፍትሔው ቁጥሮቹን ወደ ቅርጽ ቀይሮ ሰረዞቹን በእጅ ማቅጠንና ከአካሉ ትንሽ ማራቅ ነው። ፲፩ና ፲፪ ደግሞ ሁለት ሁለት ምልክት ስለሆኑ ይሰፋሉ። ብዙዎች አሳንሰው ከሌሎቹ ጋር እኩል ሊያደርጓቸው ይሞክራሉ። አታድርጊው፤ መስመራቸው ቀጥኖ የደከሙ ይመስላሉ። ቁመታቸውን እንዳለ ትተሽ ሁለቱን ምልክቶች አቀራርቢያቸው። በሁለቱም ላይ የሚያልፍ አንድ ሰረዝ አድርጊላቸው።

ቦታ ጠበበ ካልሽ ፫፣ ፮፣ ፱ና ፲፪ን ብቻ በትልቁ ጽፈሽ ሌላውን በነጥብ ተኪው። እኔ በበኩሌ ሙሉውን አሥራ ሁለት እመርጣለሁ። ፰ን ወይም ፬ን በየቀኑ የምናይበት ቦታ ስንት አለን? ከግድግዳ የቀን መቁጠሪያና ከቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ውጪ እምብዛም የለም። እጅ ላይ መዋላቸው ያስደስተኛል።

ጡረታ የሚወጣ ሰው ቅርብ ማየት ይቸግረዋል። ስለዚህ ቁጥሩን ከሦስት ሚሊ ሜትር አታሳንሺው። ደብዛዛ ወርቃማ ቁጥር በቡና ዓይነት ገጽ ላይ በፎቶ ያምራል፤ ማታ ታክሲ ውስጥ ግን አይታይም። በክሬም መልክ ላይ ጥቁር ይሻላል። ንድፉን በትክክለኛ መጠኑ አትመሽ፣ ቆርጠሽ፣ የእጅ አንጓሽ ላይ አድርጊውና በዕድሜ ለገፋ ጎረቤት አሳዪ። እሳቸው ሳይጨነቁ ካነበቡት አለቀ።

ማተሚያ ቤት ስትሄጂ ሁለት ነገር ያበላሽብሻል። አንደኛው ፊደሉ ነው። እዚያ ያለው ኮምፒውተር የአንቺ ፊደል ከሌለው ቁጥሮቹ ወደ ባዶ ሣጥን ይለወጣሉ። ወደ ቅርጽ ቀይረሽ በፒዲኤፍ ከወሰድሽው አይነካም። ሁለተኛው መጠኑ ነው። ማተሚያው «ከወረቀቱ ጋር አስተካክል» የሚል ትእዛዝ ካለበት 28 ሚሊ ሜትር የነበረው ገጽ 27 ሆኖ ይወጣል። መቶ በመቶ ይታተም በዪ፤ እዚያው ለኪው። ሌዘር ማተሚያ ይሁን፤ ቀለሙ እርጥበት ሲነካው አይፈስም።

በምን ላይ ይታተም? ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ ወረቀት ነው። ተራው 80 ግራም ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የድሮው ገጽ ላይ በቀጭን ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ሲለጠፍ ብዙ ጊዜ ቆጣሪውን አይነካም። ወፍራም የፎቶ ወረቀት ግን ሊነካ ይችላል። የድሮው ገጽ ቁጥሮች ከብረት ተሠርተው ጎላ ያሉ ከሆኑ መጀመሪያ መነቀል አለባቸው፤ ያለዚያ ወረቀቱ ያብጣል።

የሚያምረው ግን በውኃ የሚላቀቅ ማስተላለፊያ ወረቀት ነው። የመኪናና የአውሮፕላን ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት። መጀመሪያ የድሮውን ገጽ ጽሑፍ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት በእርጥቡ አለስልሺው። ከዚያ በሚረጭ ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ ሳሳ አድርገሽ ቀቢው። በየመሃሉ ይድረቅ፤ አንድ ጊዜ በወፍራሙ ከረጨሽው ጠርዙ ላይ ተጠራቅሞ ይቀራል። በደንብ ከደረቀ በኋላ የታተመውን ቆርጠሽ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ንከሪው። ቀጭኑ ፊልም ከወረቀቱ ሲለቅ ገጹ ላይ አንሸራትተሽ አስቀምጪው። ውኃ እስካለበት ድረስ ሊስተካከል ይችላል፤ የመስቀሉን ምልክት ከማዕከሉ ቀዳዳ ጋር አገናኚ። ውኃውን በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ጠርገሽ አንድ ቀን ተዪው። ከዚያ ከላይ ደብዛዛ መከላከያ ቫርኒሽ ይረጫል። አንድ ገደብ አለው፦ ተራ ማተሚያ ነጭ ቀለም የለውም። ስለዚህ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ቁጥር በዚህ መንገድ አይሆንም። ነጭ መደብ ያለውን ወረቀት ገዝተሽ ከቁጥሩ በቀር ሙሉውን ጥቁር ማሳተም ግን ትችያለሽ።

ስለ ዕቃው። የሚያስፈልግሽ ጥቂት ነው፦ ሹል ወረንጦና የፕላስቲክ ወረንጦ፣ ትንንሽ ካቻቢቴዎች፣ ማጉያ መነጽር፣ የማሰሪያ ፒን ማውጫ፣ ቆጣሪ ማንሻ ጥንድ፣ ቆጣሪ መጫኛ፣ አቧራ መንፊያ የጎማ አምፖል። በአንድ ሣጥን የሚሸጡት ርካሽ ስብስቦች ለመጀመሪያ ይበቃሉ። ካቻቢቴዎቻቸው ግን ብረታቸው ስለሚለሰልስ ብሎን ያበላሻሉ፤ እነሱን ለይተሽ ደህና ግዢ። መርካቶ የሰዓት መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆችን ጠይቂ። የሥራው ቦታ ጠርዝ ያለው ነጭ ትሪ ይሁን። የወደቀ ብሎን ነጭ ላይ ይታያል፤ ጠርዙም አያሳልፈውም።

መፍታቱን በየደረጃው በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ማሰሪያውን አውጪ፤ የማሰሪያው ፒን ውስጡ ስፕሪንግ ስላለው ይስፈነጠራል፣ ጣትሽን ጋርጂበት። የጀርባ ክዳኑን እዪ። ጠርዙ ላይ ትንሽ ክፍተት ካለው በስለት የሚነሳ ነው፤ ስለቱን ወደ ሌላኛው እጅሽ አታዙሪ። ዙሪያውን የተቦረቦሩ ጎድጓዶች ካሉት እንደ ጠርሙስ ክዳን የሚዞር ነው። ከተከፈተ በኋላ ባትሪውን በፕላስቲኩ ወረንጦ አውጪ። የብረቱ ወረንጦ የባትሪውን ሁለት ጫፍ ካገናኘ ያደክመዋል። ባትሪውን ቤት ውስጥ ሕፃን በማይደርስበት ቦታ አስቀምጪ። ሕፃን ከዋጠው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጉሮሮ ስለሚያቃጥል በአስቸኳይ ወደ ሐኪም ቤት የሚያስሮጥ ነገር ነው።

ቀጥሎ የጎን ቁልፉ ከነዘንጉ መውጣት አለበት። ዘንጉ ወደ ማሽኑ በሚገባበት አካባቢ ትንሽ ጎድጓዳ ነጥብ አለች፤ አንዳንዱ ላይ ቀስት ተሥሎባታል። በቀጭን ካቻቢቴ ቀስ ብለሽ ነክተሽ ቁልፉን ሳብ አድርጊ። አጥብቀሽ አትግፊ። ከልክ በላይ ከገባ የውስጡ ማንሻ ቦታውን ይለቃል፤ ከዚያ ዘንጉ ሲመለስ አይዝም። ጀማሪ ሰዓት የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነጥብ ላይ ነው። ዘንጉ ሲወጣ ሰዓቷን በመዳፍሽ ላይ ገልብጪ፤ ማሽኑና ገጹ አብረው ይወጣሉ። ዘንጉን መልሰሽ ማሽኑ ውስጥ ክተቺው፤ ቆጣሪዎቹን ለማዞር ያስፈልግሻል።

ሦስቱንም ቆጣሪዎች 12 ላይ ደርቢያቸው። ቀጭን ፌስታል መሃሉን ሰንጥቀሽ በገጹና በቆጣሪዎቹ መካከል አስገቢ፤ ገጹን ከጭረት ያድናል። ማንሻዎቹን ከግራና ከቀኝ አስገብተሽ በእኩል ኃይል ወደ ታች ጫን ስትዪ ቆጣሪዎቹ ወደ ላይ ይለቃሉ። የሰከንዱ ቆጣሪ በጣም ቀጭን ስለሆነ በሌላ ፌስታል ከላይ ሸፍኚው፤ ያለዚያ ዘሎ ይጠፋል።

ቆጣሪዎቹን መቀባት ከፈለግሽ የሰዓቱንና የደቂቃውን ቅቢ፤ የሰከንዱን ተዪው። የባትሪ ሰዓት ሞተር ጉልበቱ በጣም ትንሽ ነው። በወፍራም ቀለም የከበደ የሰከንድ ቆጣሪ ወደ ላይ ሲወጣ፣ በተለይ 9 አካባቢ ሲደርስ፣ ሊያቅተው ይችላል። በእሳት ሰማያዊ የማድረግ ነገር ሰምተሽ ይሆናል። እሱ የሚሠራው ብረት ላይ ብቻ ነው፤ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል። የርካሽ ሰዓት ቆጣሪ አብዛኛውን ጊዜ ነሐስ ስለሆነ በእሳት ቀለሙ ይበላሻል እንጂ ሰማያዊ አይሆንም።

ገጹ ከሥሩ ባሉ ሁለት ትንንሽ እግሮች ማሽኑን ይይዛል። እኩል ከሁለት ጎን ቀስ ብለሽ አንሺው። እግር ከተሰበረ ገጹ መሃሉን ይስታል። በአንዳንድ ማሽን ላይ ከገጹ ሥር፣ ቆጣሪዎቹ በሚቀመጡበት ቦታ፣ በጣም ስስ የነሐስ ቀለበት አለች። ገጹ ላይ ተጣብቃ ልትወጣ ትችላለች፤ አትጥፋብሽ።

አዲሱ ገጽ ሲዘጋጅ የማዕከሉ ቀዳዳ ከድሮው እንዳይጠብ። የወረቀቱ ጠርዝ የሰዓቱን ቆጣሪ አንገት ከነካ ሰዓቷ ትዘገያለች። ገጹን መልሰሽ፣ መጀመሪያ አጭሩን ቆጣሪ ልክ ከላይ፣ በተለመደው ገጽ 12 በሚሆንበት ቦታ ላይ ጫኚ። ቀጥሎ የደቂቃውን። የቀን ቀለበቷን ክፍት ከተውሻት ግን መጀመሪያ ቁልፉን እያዞርሽ ቀኗ የምትቀየርበትን ቅጽበት ፈልጊ፤ ቆጣሪዎቹን 12 ላይ የምትጭኚው ያኔ ነው። ከጫንሽ በኋላ አጭሩ ቆጣሪ አንድ ሙሉ ዙር እስኪሞላ ቁልፉን በእጅሽ አዙሪ። አጭሩ ልክ ወደ ታች፣ ረጅሙ ልክ ወደ ላይ ሲሆኑ ሁለቱ አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሆን አለባቸው። ዘጠኝ ሰዓትና ሦስት ሰዓት ላይ አጭሩ ቁጥሩ ላይ በትክክል ይረፍ። ከዚያ ዓይንሽን ከገጹ ጎን ዝቅ አድርገሽ ከብርሃን አንጻር እዪ። በአጭሩና በገጹ፣ በአጭሩና በረጅሙ መካከል ክፍተት ይታይሽ። ክፍተት ከሌለ ቆጣሪውን በወረንጦ ቀስ ብለሽ ቀና አድርጊው። መጨረሻ ላይ የሰከንዱን፣ ቀጥ አድርገሽ፣ በቀስታ።

ከመዝጋትሽ በፊት የመስታወቱን ውስጥና ገጹን በጎማው አምፖል ንፊ። በአፍሽ አትንፊ፤ ምራቅ ነጠብጣቡ በመስታወቱ ውስጥ ይታያል። ጣትሽን በላስቲክ ሸፍኚ። አንድ የአቧራ ቅንጣት በገጹ ላይ ቀርታ ሰዓቷን ስትዘጊ ሌላ ምንም ነገር አይታይሽም፤ እሷን ብቻ ነው የምታዪው። እንደገና ክፈቺና አውጪያት።

አዲስ ባትሪ አስገቢ። ለሚዮታ 2035 የሚሆነው ኤስ አር 626 ኤስ ደብሊው የሚባለው የብር ኦክሳይድ ዓይነት ነው። ኤል አር ብሎ የሚጀምረው አልካላይን ዓይነት ይገጥማል፤ ዋጋውም ይረክሳል። ግን ጉልበቱ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ሲያረጅም ውስጡ ያለውን ፈሳሽ አፍስሶ ማሽኑን ሊበላ ይችላል። ለስጦታ አይሆንም። በክዳኑ ዙሪያ ያለችውን የጎማ ቀለበት ፈትሺ፤ ከደረቀች ወይም ከተሰነጠቀች ቀይሪያት፤ ደህና ከሆነች በጥቂት የሲሊኮን ቅባት አርሻት።

አንድ ጊዜ የተከፈተች ርካሽ ሰዓት ውኃ ትችላለች ብለሽ አትመኚ። ጀርባዋ ላይ የተጻፈው ቢጻፍም፣ በግፊት መሣሪያ ካልተፈተሸች ለሻወር አትሆንም። ለአባትሽ ስትሰጪ ይህን ንገሪያቸው።

ከዘጋሻት በኋላ ወዲያው አትጠቅልያት። ከስልክሽ ሰዓት ጋር አስተካክለሽ አንድ ሁለት ቀን አቆያት፤ ጠፍጣፋ አስተኝተሽ፣ ከዚያ ደግሞ በጎኗ አቁመሽ። በሰከንድ ደረጃ ያለ ልዩነት የማሽኑ ነው፤ ምንም አይደል። በደቂቃ ከዘገየች ግን ማሽኑን አትውቀሺ፤ የሆነ ቦታ የሚነካካ ነገር አለ። የሰከንዱን ቆጣሪ ተከታተዪ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እየተንቀጠቀጠ የሚቆም ከሆነ እዚያ ላይ መስታወቱን ወይም የደቂቃውን ቆጣሪ እየነካ ነው። ስታስተኛት የምትሄድ፣ ስታቆሚያት የምትዘገይ ከሆነች የሰከንዱ ቆጣሪ ከብዷል። አጭሩ ቆጣሪ ወደ ኋላ የቀረ፣ ረጅሙ ግን ትክክል ከሆነ አጭሩ በደንብ አልተጫነም። ሦስቱም ክዳኑን ከፍቶ፣ ማሽኑን አውጥቶ፣ ቆጣሪውን እንደገና በማስተካከል ይፈታሉ፤ ገጹን መንካት አያስፈልግም።